የቡሬ ቀንድ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ይህችን አባባል እንደ ጸሎት ይዣት ነው የኖርኩት። ሀና ማርያም ላይ ጤፍ የምናጭድበት መሬት በግራም በቀኝም እየተቆረሰ ሲሄድ፣ ከብቶቻችን ይውሉበት በነበረው መስክ ላይ የማላውቀው ሰው መኪና ሲያቆም ያየሁ ሴት ነኝ፤ እንዴት ሰው ልመን? ባለቤቴ ዳዲ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁሉን አማኝ ነበር። እኔ ግን ወተት ሊገዛ የሚመጣውን ሰው እንኳ ከእግር እስከ ራሱ ሳላየው ጆጉን አልቀበለውም።

ዳዲ ካረፈ በኋላ የቀሩኝ ግቢው፣ የወተት ላሞቼ፣ አንድ ወንድ ልጅና በጓሮ በኩል አስደርድሬ ያሠራኋቸው የኪራይ ክፍሎች ናቸው። የክፍሎቹ ግድግዳ የሚደርሰው እስከ ኮርኒሱ ብቻ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ወንበር ላይ ቆሞ ኮርኒሱን ገፋ ያደረገ ሰው እጁን በግድግዳው አናት አሻግሮ ወደ ጎረቤቱ መስደድ ይችላል። በሰፈራችን የኪራይ ቤት የሚሠራ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሠራው። ብሎኬቱን ለአይጥ ብለን እናባክን?

ዳርኛው ክፍል የልጄ የኮርሳ ነው። አድጌያለሁ፣ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት አላድርም ብሎ ከዋናው ቤት ወጣ። ማደጉን በጢሙ አይቻለሁ፤ በሥራ ግን እስካሁን አላየሁም። አባቱ ከላሞቹ ጋር ተነሥቶ ከላሞቹ ጋር የሚተኛ ሰው ነበር። እሳት አመድ ወለደ እንዲሉ፣ ልጁ ሰው ምሳ ሲያስብ ነው ፊቱን የሚታጠበው። ቢሆንም ልጄ ነው፤ ያውም አንድዬ። ሲስቅ ቁርጥ ዳዲን ስለሚመስል ብዙ ነገር አልፈዋለሁ።

ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ደምሰው የሚባል ሰው ከሚስቱ ከማርቲ ጋር ተከራየ። ማርቲን ወደድኳት፤ ሳቂታ ናት፣ ሳይነግሯት ግቢ ትጠርጋለች። ደምሰውን ግን ገና በር ሲያንኳኳ አልወደድኩትም። ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል፣ "እሺ እማማ" ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ዝምተኛ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል? በሩ ላይ ቁልፍ እያለ የራሱን ጓጉንቸር ጨመረበት። ጠዋት ጥቁር ቦርሳ አንግቶ ይወጣል፣ ሲመሽ ዓይኑ ደም መስሎ ይመለሳል። በክፍሉ አጠገብ ሲያልፉ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ። መካኒሳ አቦ ጋ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ እቀባለሁ ብሎኛል። ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው ሽታውን ቤቱ ድረስ ይዞ ይመጣል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አይመጣም ብዬ ራሴው መለስኩ።

ቀጥሎ ደግሞ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ጎረምሶች የግቢዬ በር ላይ መቆም አመጡ። አይገቡም፤ ፊሽካ ነፍተው ይጠብቃሉ። "እነዚህ የማን ናቸው?" አልኩት ኮርሳን።

"የደምሰው ጓደኞች ናቸው መሰለኝ" አለኝ። "አዮ፣ እሱ ሰውዬ እኔንም ደስ አይለኝም።"

አዮ በኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ኮርሳ አዮ የሚለኝ አንድ ነገር ሲፈልግ ነው። ያን ቀን ግን ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም የጨነቀው ለኔ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከኮርኒሱ በላይም መንኮሻኮሽ ተጀመረ። አይጥ ነው ብዬ መርዝ አደረግኩ፤ የሞተ ነገር አልተገኘም። ኮሽታው የሚሰማኝ በቀን፣ ላሞቹን ሳበላ ነበር። ደምሰው በዚያን ሰዓት ሥራ ላይ እንደሚሆን አላጣሁትም። ግን ሰው አንዴ ልቡ ከሸሸ የሚያየውም የሚሰማውም ወደዚያው ይሄድለታል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። የኮሚኒቲ ፖሊሱ ቆሞ፣ ቤት የምታከራዩ ሰዎች ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ፣ ነገ ለናንተው ነው ችግሩ አለን። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። እኔም እጄን አላወጣሁም። ስብሰባው ሲበተን ግን ጠጋ ብዬ ሽታውንም፣ ጓጉንቸሩንም፣ ኮሽታውንም፣ ሞተረኞቹንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ኮርሳን አላማከርኩትም። ሰፈሩን ያዳንኩ መስሎኝ እየተጀነንኩ ገባሁ።

ፖሊሶቹ የመጡት ጠዋት፣ አልቤ ጨርሼ ባልዲውን ሳጥብ ነው። የፍተሻ ፈቃድ ይዘዋል። "ሁለት የደረጃ ምስክር እንፈልጋለን" አለ ሳጅኑ። ፖሊስ ሲፈትሽ አጠገቡ ቆሞ የሚያይ፣ በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቦ ያየውን የሚናገር ሰው ማለት ነው። አንዷ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው መሐሙድ ነው። የዳዲ ወዳጅ ነበር፤ ከሬሳው ጋር ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሄዶ የሸኘልን ሰው ነው። ኮርሳ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

ደምሰውን በካናቴራ ብቻ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ጥግ ላይ አቆሙት። ማርቲ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቀረች። ፍራሹን ገለበጡ፣ ቦርሳውን አራገፉ፤ ቡሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቲነር ወጣ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ለካ ቲነር ኖሯል። አፈርኩ፤ ግን ማፈሬ ብዙ አልቆየም፤ አንዱ ፖሊስ ወንበር ላይ ወጥቶ በኮርሳ ክፍል በኩል ያለውን ኮርኒስ ገፋ አደረገና በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ሳጅኑ ፈታው። "ሐሺሽ ነው" አለ።

አላልኳችሁም! ልል ነበር። ፖሊሱ እጁን እንደገና ከተተ። ክንዱ እስከ ትከሻው ገባ። ከግድግዳው አናት ላይ ሲያወጣው ሽጉጥ ይዟል።

የሽጉጡ እጀታ በአንድ በኩል ጥቁር ነው፤ በሌላው በኩል ግን ቡናማና ነጭ የተዥጎረጎረ ቀንድ ነው።

ያን ቀንድ የማውቀው በሬው ራስ ላይ ሳለ ጀምሮ ነው። ቡሬ የመጨረሻው የእርሻ በሬያችን ነበር። መሬቱ ከሄደ በኋላ ዳዲ አልሸጠውም፤ ጡረታ አወጣሁት እያለ ዝም ብሎ ሲያበላው ኖረ። ሲሞት ከቀንዱ ቆርጦ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ ፍቆ ከአባቱ በወረሰው ሽጉጥ የተሰበረ እጀታ ላይ ገጠመው። መሣሪያ ያለው ያስመዝግብ ሲባል አልሄደም። እሱ ሲሞትም እኔ አላስረከብኩም። የአባት መሣሪያ ለወንድ ልጁ ይቀመጣል እንጂ ለመንግሥት ይሰጣል እንዴ? በኛ ዘንድ እንዲህ ያደረገ ቤተሰብ ወንድ የሌለበት ቤት ይባላል። የዳዲ ልቅሶ ላይ ወንድሙ ይህንኑ ሽጉጥ ከኮርቻውና ከጋቢው ጋር ተሸክሞ በድንኳኑ ፊት እየዞረ አስለቅሶናል። ከዚያ ወዲህ በጋቢው ቁራጭ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ማለትም አስቀምጬው ነበር።

ቀና ስል መሐሙድ ቀንዱን ያያል። ከዚያ እኔን አየኝ። በልቅሶው ቀን ከድንኳኑ ፊት ቆሞ ነበር።

"ያያችሁትን ነው የምትፈርሙት" አለ ሳጅኑ። ከደምሰው ክፍል ኮርኒስ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ውሸት የለውም። ፈረምኩ። መሐሙድም ፈረመ። ደምሰው በካቴና ሲወጣ አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ። "እማማ፣ እርስዎ ያውቁኛል እኮ" አለኝ።

ግቢው ጭር ሲል በሬን ዘግቼ ሳጥኑን ሳብኩ። ጥቅሉ በቦታው አለ። በየሙት ዓመቱ አንሥቼ እስመው ነበር፤ ፈትቼው ግን አላውቅም። ዘንድሮም ስስመው እንደ ወትሮው ከባድ ነበር። ፈታሁት። ውስጡ የመዶሻ ራስ ነው። የዳዲ ሽጉጥ ነው ብዬ የመዶሻ ራስ እየሳምኩ አልቅሻለሁ።

ኮርሳ ሲመሽ መጣ። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት።

"ይህን ያደረግሁ እኔ ከሆንኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለ።

"ዓይንህን ተወው። ሽጉጡን ማን ኮርኒስ ላይ አወጣው?"

ተቀመጠ። "አዮ፣ ዕቃው የኔ አይደለም። ሞተረኞቹ ልጆች ለትንሽ ቀን አስቀምጥልን ብለው ነው። ሽጉጡን የያዝኩት እነሱን ስለምፈራቸው ነው።"

"ለምን በሰው ክፍል በኩል?"

መልሱን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ከተገኘ በሰውየው ላይ እንዲገኝ ነው።

"ሄደህ ተናገር" አልኩት።

"ተናግሬ ልበስብስ? ሽጉጡ ላይ ስማችን የለ። የምናውቀው እኔና አንቺ ነን።"

"መሐሙድ ያውቀዋል።"

ፊቱ ተለወጠ። እንደዚያ ሲያየኝ ዳዲን አልመሰለኝም። "እሱ ከተናገረ መጀመሪያ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ሳጥኑ ያንቺ ነው።" ይህን ብሎ ወጣ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ አንድ ልጅ ለወለደችም ይሠራል ለካ።

ደምሰው ተከሰሰ። አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘት፣ ያውም ከጦር መሣሪያ ጋር። ማርቲ ጠበቃው ያላትን መጥታ ነገረችኝ፤ ዕፁ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ ሽጉጥ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ዋስትናም ተከልክሏል፣ ከተፈረደበት ዓመታት ነው። በየቀኑ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ትሄዳለች፣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። እኔ ወተት እሰጣታለሁ። ወተቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ "እማማ ገዲሴ፣ እዚህ አገር ከርስዎ በቀር ሰው የለንም፤ ሲጠይቁዎት እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም ይበሉልኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በመስኮት እያየሁ ስትመጣ ወደ ጋጣው መግባት ጀመርኩ።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን መሐሙድ ነው። አውቆታል፤ ማወቁን አውቄያለሁ። ታዲያ ምን እየጠበቀ ነው? ሱቁ ስገባ ሬዲዮኑን ይቀንሳል። ስኳር ሲመዝን ዓይኑን ከሚዛኑ አያነሣም። አንድ ቀን ሳጅኑ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለስላሳ ሲጠጣ አየሁት፤ መሐሙድ ጠጋ ብሎ ያወራዋል። ለስላሳ ሲጠጣ ስለ ሙቀቱ ያወሩ እንደሆነስ? አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ብዬ ደግሞ መለስኩ።

ቀጠሮው ሲቃረብ ቁርጡን ልወቅ ብዬ የጠዋት ወተት ይዤለት ሄድኩ።

"መሐሙድ፣ ፍርድ ቤት ምን ልትላቸው ነው?"

መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አዲስ ነው። አየውና መልሶ ከተተው። "እትዬ ገዲሴ፣ ዓይኔ ደክሟል" አለኝ። "ሐኪሙ መነጽር አዞልኛል።"

ከዚህ ሌላ አልተናገረም። ወተቱን ትቼለት ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዛሬ በመነጽር አያለሁ፣ ሁሉንም አያለሁ ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። የዳዲ ወዳጅ አሳልፎ ሊሰጠን ነው።

በቀጠሮው ቀን ኮርሳ ላግዝሽ ብሎ ተከተለኝ። ሊያግዘኝ ሳይሆን ሊጠብቀኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘ፤ ትንሽ ልጅ ሳለ እንኳ እንደዚያ ጨብጦኝ አያውቅም። "ሲወጣ አይቻለሁ በይ፣ ሌላ አላውቅም በይ፣ በቃ" አለኝ በጆሮዬ። አላውቅም የምትል አንዲት ቃል ናት። ልላት ነበር? እንጃ። ሌሊቱን ሙሉ አንዴ እላታለሁ፣ አንዴ አልላትም ስል ነው ያነጋሁት። የልጄን አንገት ሳስብ እላታለሁ፣ የማርቲን ምሳ ዕቃ ሳስብ አልላትም።

ኮርሳ ችሎቱ ውስጥ ገብቶ ኋላ ተቀመጠ። ምስክሮች ግን ተራችን እስኪደርስ ውጭ ነው የምንጠብቀው። መጀመሪያ መሐሙድ ተጠራ። መነጽሩን አድርጎ ገባ። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ባቆምም የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ሲወጣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር። አላየኝም። ልየው ብዬ አንገቴን ባሰግም ፊቱን አዞረና በደረጃው ወረደ። አለቀ፣ አልኩ በሆዴ። ተናግሯል። የሚያፍር ሰው ነው ፊቱን የሚያዞረው። ያኔ ውስጤ አንድ ነገር ቁጭ አለ፤ ደስታም አይደለም፣ ኀዘንም አይደለም። ከእንግዲህ ልዋሽ ብልም የማተርፈው ልጅ የለኝም፤ የሚቀረኝ ውሸታም ተብሎ መታሰር ብቻ ነው።

ስሜ ተጠራ። ማልኩ። ደምሰው ከስቷል፤ አንገቱ ከሸሚዙ ውስጥ እንደ እንጨት ቆሟል። ማርቲ ከኋላው ነበረች። ዐቃቤ ሕጉ ሽጉጡን አሳየኝና ከተከሳሹ ክፍል ሲወጣ አይተው እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቻለሁ አልኩ። ይበቃኛል ብሎ ተቀመጠ። የደምሰው ጠበቃ ተነሣ። ልጅ እግር ነው፤ ተስፋ ቆርጦ የሚጠይቅ ይመስላል።

"እማማ፣ ይህን ሽጉጥ ከዚያ ቀን በፊት አይተውት ያውቃሉ?"

ቀንዱን አየሁት። ዳዲ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲፍቀው፣ ብናኙ ጉልበቱ ላይ ሲወርድ ታየኝ።

"አውቀዋለሁ" አልኩ። "ቀንዱ የቡሬ ነው።"

"ቡሬ ማን ነው?" አሉ ዳኛዋ።

"በሬያችን።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ዳኛዋ ቀና ብለው ሲያዩ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሳጥኑን፣ መዶሻውን፣ እስከ ጣሪያው የማይደርሰውን ግድግዳ፣ በዳርኛው ክፍል ማን እንደሚኖር። የልጄን ስም ስጠራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ኮርሳ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገለት። ኮርሳ ዞሮ አየኝ። "አዮ" አለ ብቻ። ምን ሊጠይቀኝ እንደነበር አላውቅም።

ውጭ ስወጣ ማርቲ ሮጣ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። "እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ለእውነት ልጅዎን ሰጡ" እያለች ጉልበቴን ትስማለች። አነሣኋት። ከትከሻዋ በላይ መሐሙድ የፍርድ ቤቱ ግቢ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ታክሲ ሊያሳፍረኝ እየጠበቀኝ ኖሯል። የሆነውን ሰው ነግሮታል መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ጠጋ ብሎ ማርቲ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምነው ገዲሴ? ዓይኔ ደካማ ነው፣ ያን ቀን መነጽር አላደረግኩም፣ ምን ዓይነት ሽጉጥ እንደሆነ በደንብ አላየሁም አልኳቸው እኮ። ምዬ ዋሸሁ። ለዳዲ ልጅ ብዬ። አንቺን ማየት ያቃተኝ ስለዋሸሁ ነው።"

"የነገርካቸው መስሎኝ ነው" አልኩት።

መሐሙድ ዞሮ ታክሲ አስቆመልኝ።

ዛሬ ደምሰው ተፈትቷል፤ ኮርሳ ታስሯል። በኔም ላይ ሽጉጡን ስለደበቅኩ ሌላ ክስ ተከፍቷል፤ በዋስ ነኝ፣ የሚመጣውን እቀበላለሁ። እነ ደምሰው ቤቱን ለቀው ወደ መካኒሳ አቦ ሄዱ። ጓጉንቸሩን ፈትቶ ቁልፉን ሲያስረክበኝ "ይቅር በለኝ" አልኩት፤ "እሺ እማማ" አለኝ መሬት መሬት እያየ። ሰው መሬት የሚያየው ዓይን አፋር ስለሆነም ሊሆን ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ቦታ ይለቁልኛል። እናት ማለት እሷ ናት፣ ሐቅ ከልጇ የበለጠባት ይላሉ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ በለቀቁልኝ ቦታ እቆማለሁ። መሐሙድ ያን ቀን ተናግሮ እንዳልነበረ ባውቅ ኖሮ ምን እል እንደነበር፣ ማርያም ምስክሬ ናት፣ አላውቀውም። ማርቲ ግን አሁንም በየሳምንቱ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እግዚአብሔር ይስጥዎት ስትለኝ አሜን ልላት እሞክርና ወተቱን እቀዳላታለሁ።